ደሴ ላይ ቦይለር ልገዛ ነው፦ 50 ሊትር፣ 80 ሊትር ወይስ ሶላር?

የሆጤዋ (ደሴ)

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? የደሴ ብርድ ዘንድሮም አልማረንም። እስካሁን ውሃ የምናሞቀው በከሰልና በድስት ነው። አሁን ግን አባታችን ከገጠር መጥተው አብረውን መኖር ጀምረዋል። ለሱብሂ ሲነሱ በዛ በረዶ ውሃ ውዱእ ሲያደርጉ ማየት አቃተኝ። ስለዚህ ቦይለር ልንገዛ ወስነናል።

ቤቱ የራሳችን ነው፣ ብሎኬት። ስድስት ነን፣ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢ ውስጥ ብረት ማማ ላይ 1000 ሊትር ሮቶ አለን። ቆጣሪያችን ሲንግል ፌዝ ነው። ፒያሳ ያሉትን ሱቆች ዞሬ አየሁ። አንዱ "50 ሊትር ይበቃሻል" ይላል። ሌላው "80 ካልሆነ ትቆጫለሽ" ይላል። ሌላው ደግሞ ታንክ የሌላትን፣ ወዲያው የምታሞቀውን ትንሿን ሻወር ሊሸጥልኝ ይፈልጋል፤ ዋጋዋም በጣም ይቀንሳል። ባለቤቴ "ሶላር ካልሆነ" ብሎ ድርቅ ብሏል። የሞከራችሁት ንገሩኝ እስቲ።

ሐረጎ ማዶ (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ። እኔ የገጠምኩት ትንሿን ነው፤ ዓመታት አስቆጥራለች፣ ምንም አልሆነችም። ታንክ ምናምን ምን ያደርጋል? ታበሪያለሽ፣ ትታጠቢያለሽ፣ ታጠፊያለሽ። አለቀ።

ፌዝና ኒውትራል (ወልድያ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ)

@ሐረጎ ማዶ ወንድሜ፣ አንተ እኮ ኮምቦልቻ ነህ! የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብለህ ነው የምትኖረው። የቧንቧ ውሃህ ሲመጣም ለብ ብሎ ነው የሚመጣው። እሷ ያለችው ደሴ ነው።

ሒሳቡን ልንገርሽ እህቴ። 3.5 ኪሎዋት የሆነች ትንሽ ሻወር፣ በደቂቃ ሦስት ሊትር ውሃ ብታሳልፊባት፣ ሙቀቱን ከፍ የምታደርገው በ17 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 22 ዲግሪ ሆኖ የገባው ውሃ 39 ሆኖ ይወጣል፤ ግሩም ነው። ደሴ ላይ ሌሊት 13 ወይም 14 ሆኖ የገባው ግን 30 ላይ ይቀራል። እሱን ለሽማግሌ አባትሽ አትስጪ። ውሃውን ቀጭን ካደረግሽው ይሞቃል፣ ግን ያኔ ሻወር ሳይሆን ጠብታ ነው የምትታጠቢው።

"5.5 ኪሎዋት አለ" ይሉሻል። አዎ አለ። 5.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 25 አምፒር ይስባል። የቤትሽ ሽቦ ለዛ ተዘርግቷል? አብዛኛው ደሴ ያየሁት ቤት ከብሬከር እስከ መታጠቢያ ቤት ያለው ሽቦ ለመብራት የተዘረጋ ነው። ፕላስቲኩ እስኪቀልጥ ትጠብቂያለሽ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ምሽት ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ሲሆን የማሞቂያው ጉልበት በሲሶ ይቀንሳል። ታንክ ላለው ቦይለር ይሄ ትንሽ መዘግየት ብቻ ነው፤ ለትንሿ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። እኔ ለደሴ ታንክ ያለው ነው የምመክረው።

ሐረጎ ማዶ (ኮምቦልቻ)

እሺ ተረታሁ። ደሴዎች ግን ውረዱና እኛ ጋ ታጠቡ።

የጦሳ ጥላ (ደሴ)

ወረድን፣ ለሙቀቱ ግን ሌላ ክር እንክፈት።

አሮጌ ቧንቧ (ደሴ፣ ቧንቧ ሠራተኛ)

ልጄ፣ እንኳን ሳትገዢ ጠየቅሽ። ሰው ሁሉ ገዝቶ ሲያበቃ ነው የሚጠራኝ። ስለ ማሽኑ ስም ኋላ እናወራለን። መጀመሪያ ይሄን ንገሪኝ፦ የሮቶው ወለል ከሻወሩ ራስ በስንት ሜትር ይበልጣል? ከሮቶው የሚወርደው መስመር ግማሽ ኢንች ነው ወይስ ሦስት ሩብ? ሊሰቀልበት የታሰበው ግድግዳ ብሎኬቱ ድፍን ነው ወይስ ባዶ?

አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጥሽ ግፊት 0.1 ባር ብቻ ነው። ሦስት ሜትር ብትሠሪ እንኳ 0.3 ባር። ከከተማው መስመር ቀጥታ ሲመጣ የለመድሽውን ጉልበት ከሮቶ አትጠብቂ።

የሆጤዋ (ደሴ)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ማማው ሦስት ሜትር ገደማ ነው፣ ሻወሩ ሁለት ሜትር ላይ። ልዩነቱ አንድ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። መስመሩ ግማሽ ኢንች ነው። ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ነው፣ በጣት ሲመቱት ይጮኻል።

የላስታ እንግዳ ቤት (ላሊበላ)

ለባለቤትሽ ሁለት ቃል ልበል፤ ሶላር እኛ ጋ አለና። ከፍታችንም ከደሴ ብዙ አይለይም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ውሃው ቀን ሞቆ እስከ ጠዋት ይቆያል፣ እንግዶች አያማርሩም። ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመናው ሳምንቱን ሙሉ ከሰማይ አይነሳም፤ ያኔ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው የሚያድነን። ለእናንተ ለደሴዎች ደግሞ በልግም አለ።

ዋናው ነገር ግን ፀሐዩ አይደለም፣ ውሃው ነው። የመስታወት ቱቦ ያለው ዓይነት ከሆነ ቱቦዎቹ ባዶ ሆነው ፀሐይ ላይ ከዋሉ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላሉ። ስድስት ሰዓት ላይ የፈረቃ ውሃ መጥቶ ቀዝቃዛው ድንገት ሲገባባቸው ጧ! ይላሉ። እኛ ጋ የተሰበሩት በዚህ ነው። አሁን ሠራተኞቻችን ከተቋረጠ በኋላ የሚሞሉት ማታ ወይም ንጋት ላይ ብቻ ነው።

ክብደቱንም አስቢ። 200 ሊትሩ ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው፣ በላዩ ታንኩና ማቆሚያው አለ። ባሕር ዛፍ ላይ በተመታ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አይወጣም። እኛ ኮንክሪት ላይ ነው ያቆምነው።

አሮጌ ቧንቧ (ደሴ)

የላሊበላው እውነት ብሏል። እኔ ልጨምርበት፦ ይሄ ተራ ሶላር ውሃ የሚሞላው ከበላዩ ካለ ሮቶ ነው። ልጄ፣ ያንቺ ማማ ሦስት ሜትር ነው አልሽ። የቤትሽ ጣሪያ ጫፍ ከዛ ይበልጣል። ታዲያ ውሃው ሽቅብ ይፈሳል? ለባለቤትሽ ይሄን ንገሪውና ይለቅሻል። ፓምፕ ይገባል ካለ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ፓምፕ የለም፣ የሶላሩ ትርፍ ያኔ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ግፊቱ። አንድ ሜትር አይበቃም። ይወርዳል፣ ግን ሁለተኛ ሰው ወጥ ቤት ቧንቧ ከከፈተ ሻወሩ ላይ ያለው ይቀራል። ሆጤ ሰፈር አይደለሽ? ግቢሽ ተዳፋት መሆን አለበት። ማማውን ነቅለሽ ወደ ላይኛው አጥር ውሰጂው። አንድ ብረት ሳትጨምሪ ሁለት ሜትር ታገኚያለሽ። ከሮቶው የሚወርደውን ዋና መስመርም ሦስት ሩብ ኢንች አድርጊው። ደሴ ተዳፋት ላይ መሠራቷ የሚጠቅመው እንዲህ ዓይነት ጊዜ ነው፤ ሌላ ጊዜማ ጉልበት ነው የሚጨርሰው።

ነርሷ (ኮምቦልቻ)

ሕፃናትና አዛውንት ያሉበት ቤት ስለሆነ አንድ ነገር። 60 ዲግሪ ውሃ አዋቂ ሰው ቆዳ ላይ አምስት ሰከንድ ከቆየ በደንብ ያቃጥላል። የሕፃንና የሽማግሌ ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዛም ይፈጥናል። ሳፋ ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን፣ ከዛ ሙቁን ጨምሩ። አባታችሁ ውዱእ የሚያደርጉበት ላይ ደግሞ ሙቁ ብቻውን የሚወርድበት ቧንቧ አታድርጉ፤ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅል ሚክሰር ይሁን።

የጦሳ ጥላ (ደሴ)

ታዲያ ለምን 45 ላይ አድርጋው አትገላገልም?

ነርሷ (ኮምቦልቻ)

ታንክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለብ ብሎ የቆመ ውሃ ለባክቴሪያ ይመቻል። በተለይ ሳንባ የሚያጠቃው ሌጂዮኔላ የሚባለው ለብታ ይወዳል። ታንኩ 60 ይሁን፣ የሚቀዘቅዘው ሚክሰሩ ላይ ይሁን።

ፌዝና ኒውትራል (ወልድያ)

በሊትሩ ነገር እኔ 50 እላለሁ። ይሄውልሽ ምክንያቴ። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 1.5 ኪሎዋት ማሞቂያ ካለው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል። 80 ሊትሩ 4.2 ይበላል፣ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ቮልቴጅ በወረደበት ምሽት ደግሞ አራት ሰዓት ያልፋል። መብራቱም እንደምታውቂው ነው። በዛ ላይ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ በወር የምትጠቀሚው በበዛ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ለማትታጠቡበት ውሃ ለምን ትከፍያላችሁ?

አሮጌ ቧንቧ (ደሴ)

አልስማማም ወንድሜ። 50 ሊትሩ 60 ዲግሪ ደርሶ ከደሴ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 90 ሊትር ገደማ የሚታጠቡት ውሃ ይሆናል። ሰው በአምስት ደቂቃ ሻወር 30 ሊትር ይጨርሳል። ሦስት ሰው ማለት ነው። እነሱ ስድስት ናቸው። መብራት ይቆራረጣል ያልከው ደግሞ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። መብራት ባለበት ሰዓት ብዙ ሙቀት ያጠራቀመ ነው መብራት ሲጠፋ የሚታጠበው። ታንኩ ወፍራም ፎም ለብሷል፤ ማታ ሞቆ ቢጠፋ እስከ ንጋት የሚቀንሰው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ለሱብሂ ውሃ ሌሊት ተነስቶ ማብራት አያስፈልግም።

ፌዝና ኒውትራል (ወልድያ)

ስድስቱም በአንድ ምሽት ይታጠባሉ?

የሆጤዋ (ደሴ)

ሐሙስ ማታ አዎ። ለጁምዓ ሁሉም ነው የሚታጠበው፤ ባለቤቴም እኔም ልጆቹም። ልብስም እጠብበታለሁ ብዬ ነበር።

ፌዝና ኒውትራል (ወልድያ)

እንግዲያው 80 ይሁን፣ አልከራከርም። ግን ሽቦው ላይ አልላላም። ከብሬከር ሰሌዳው ቀጥታ ለብቻው የሚመጣ መስመር ይዘርጋለት፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በ16 አምፒር ብሬከር። ማጥፊያው ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ ይሁን። ከሶኬት አትሰኪው፣ በተለይ በማከፋፈያ ገመድ። ግራውንድ (ያፈሰሰውን መብራት ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የሌለው ቦይለር አልገጥምም፤ ደንበኛ ቢቆጣኝም። ብዙ ቤት ሦስተኛው ሽቦ ከኒውትራል ጋር ታስሮ አይቻለሁ። ያ ግራውንድ አይደለም። ኒውትራሉ ውጭ ምሰሶ ላይ ከተበጠሰ የቦይለሩ ገላ በሙሉ መብራት ይሆናል፣ አንቺ ደግሞ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግርሽ ቆመሻል። የመዳብ ዘንግ ግቢ ውስጥ ይቀበር። በላዩ 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ አስገቢ፤ ትንሽ ሲያፈስ ሰው ሳይጎዳ ይቆርጣል።

ሌላው፣ ዲጂታል ሰሌዳ ያለውን አትግዢ። መብራት ሄዶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚቃጠለው ቦርዱ ነው። በእጅ የሚዞር ቴርሞስታት ያለው፣ ተራው፣ ደሴም ወልድያም ይጠገናል።

የቢስቲማ ልጅ (ወረባቦ)

በመሀል ገባሁ፣ ይቅርታ። እኔ ጋ የተገጠመው ቦይለር ሥሩ ካለችው ትንሽ ቫልቭ ሲሞቅ ሁልጊዜ ያንጠባጥብ ነበር። የገጠመው ልጅ በፕላግ ደፈነልኝ፣ አሁን ቆሟል። ደህና ነው አይደል?

አሮጌ ቧንቧ (ደሴ)

አሁኑኑ ብሬከሩን አጥፋ! ከዛ አንብብ።

እሷ የደህንነት ቫልቭ ናት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሊትሩ 60 ዲግሪ ሲደርስ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ አለ፣ ወደ ፊት ቧንቧው ተዘግቷል። ታዲያ የት ይሂድ? በእሷ ነው የሚንጠባጠበው። ማንጠባጠቧ ጤናዋ ነው። ደፍናችኋት ቴርሞስታቱ አንድ ቀን ቢበላሽና ማጥፋት ቢያቅተው ታንኩ መተንፈሻ የለውም። ጣሪያ በስቶ የወጣ ቦይለር አለ በዓለም ላይ። ፕላጉን አስነቅል፤ ቫልቯን አዲስ ግዛ፤ ከሥሯ ቀጭን ቱቦ አድርገህ ወደ ፍሳሽ ምራት። የቱቦው ጫፍ ክፍት ይሁን።

የቢስቲማ ልጅ (ወረባቦ)

አጥፍቻለሁ። ወላሂ ላቤ መጣ። አላህ ይስጥልኝ ጋሼ።

ፌዝና ኒውትራል (ወልድያ)

ልጁ ማን እንደሆነ አልጠይቅህም፤ ግን ሌላም ቤት ገጥሞ ከሆነ ደውልለት።

አሮጌ ቧንቧ (ደሴ)

ከዚሁ ጋር ላያይዘው። ቀዝቃዛው በሰማያዊ ቀለበት በኩል ይገባል፣ ሙቁ በቀዩ ይወጣል። ሙቁን የሚወስደው ቧንቧ ታንኩ ውስጥ እስከ ላይ ድረስ የቆመ ነው። ስለዚህ ፈረቃው ቢቋረጥም ታንኩ ራሱን አያፈስም፤ ቀዝቃዛው ካልገፋው ሙቁ አይወጣም። ሞልቶ ይቀመጣል። ግን ማገጃው ከሌለ፣ መስመሩ ባዶ ሲሆን ውሃው በገባበት ወደ ታች ይመለሳል። ማሞቂያው ባዶ ታንክ ውስጥ ቀልቶ ይቃጠላል። ሬዚስታንስ (ማሞቂያውን) ልቀይር የተጠራሁባቸው ቤቶች ብዙዎቹ ታሪካቸው ይሄው ነው። ሰው "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ይላል። ዕቃው ምንም አላደረገም።

መጀመሪያ ስትከፍቺው የሙቁን ቧንቧ ክፍት አድርጊና ውሃ ሙዪው። አየሩ እየተፋ ወጥቶ ውሃው ቀጥ ብሎ ሲፈስ ብቻ ብሬከሩን አብሪ። ከሮቶው መውጫ ላይ ማጣሪያ ወንፊት አስገቢ፤ ፈረቃው ሲመለስ የሚመጣው ቀይ ውሃ ጭቃውን ታንኩ ሥር ነው የሚያራግፈው። ለሙቅ መስመር ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ ስትገዢ ቀይ መስመር ያለበትን ውሰጂ፣ ግራጫውን ፒቪሲ ለሙቅ አትንኪው።

የጦሳ ጥላ (ደሴ)

ስሙንስ አልተናገራችሁም። የቱ ይገዛ? አሪስቶን? የቻይና?

አሮጌ ቧንቧ (ደሴ)

የጣልያኑም የቻይናውም ደህና ሠርቶ አይቻለሁ። እኔ ሦስት ነገር ነው የማየው። ሬዚስታንሱና ጎሚኒው (ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ላስቲክ) ደሴ ሱቅ ይገኛል ወይ? ታንኩ ውስጡ ኢናሜል (እንደ መስታወት ያለ ሽፋን) ሆኖ የማግኒዥየም ዘንግ አለው ወይ? ያቺ ዘንግ በታንኩ ፈንታ ዝገቱን የምትቀበል ናት፤ በዓመት በሁለት ዓመት ተከፍታ ካለቀች ትቀየራለች። ማንም አይነግርሽም፣ ሻጩም አያውቃትም። ሦስተኛ ካርቶኑን አገላብጪ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር በኢሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ከወደቀ ውስጡ ያለው ኢናሜል ይሰነጠቃል፤ ከውጭ አይታይም። ጥጉ የተጨፈለቀ ካርቶን በነፃ ቢሰጡሽ አትውሰጂ። ማኅተም ያለው ደረሰኝም ያዢ፤ ያለሱ ዋስትና የለም።

የሆጤዋ (ደሴ)

ስለ ግድግዳውስ ጋሼ? 80 ሊትር ሲሞላ መቶ ኪሎ አያልፍም?

አሮጌ ቧንቧ (ደሴ)

ያልፋል። ባዶ ብሎኬት ላይ በፊሸር አትስቀዪው፤ የያዘ ይመስላል፣ አንድ ሌሊት ይወርዳል። ሁለት መንገድ አለ። ግድግዳውን ወዲያ ማዶ በስቶ ረጅም ቡሎን ማሳለፍ፣ ከጀርባው ሰፊ ላሜራ አድርጎ በዳዶ ማሰር። ወይም ብየዳ ቤት ሄደሽ እግሩ ወለል ላይ የሚቆም የአንግል ብረት ማቆሚያ ማሠራት፤ ግድግዳው ደግፎ ብቻ ይይዘዋል። ለአንቺ ሁለተኛው ይሻላል። ቁም የሚለውን ታንክ ቁም አድርገሽ ብቻ ስቀዪ፤ ቦታ ጠበበኝ ብለው አጋድመው ሲሰቅሉ አይቻለሁ።

የሆጤዋ (ደሴ)

ዝማኔ፦ ተገጠመ! ማማው ወደ ላይኛው አጥር ሄደ፤ ሻወሩ አሁን ሻወር ሆኗል። 80 ሊትር፣ ቁም፣ በእጅ የሚዞር ቴርሞስታት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስለ ግራውንድ ዘንግ ስናገር "ማን ነገረሽ?" ብሎ ደነገጠ፣ የ@ፌዝና ኒውትራልን ጽሑፍ አስነበብኩት፣ ቀበረው። ከቦይለሩ ይልቅ ሽቦውና ማማው ብዙ አስወጥቶናል፣ ለሚያስቡ ሰዎች ይሄን ብነግራቸው ጥሩ ነው። ባለቤቴ ሶላሩን ለጊዜው ትቶታል። ፎቶ ለጥፌያለሁ፣ እስቲ እዩልኝ።

ሐረጎ ማዶ (ኮምቦልቻ)

ማሻ አላህ! ስንት ወጣበት?

የሆጤዋ (ደሴ)

ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ለሳምንት አይሠራም ወንድሜ። በውስጥ ጠይቀኝ።

አሮጌ ቧንቧ (ደሴ)

ፎቶውን አየሁት፣ ጥሩ ነው። የቫልቯ ቱቦ ግን መሀል ላይ ሽቅብ ታጥፏል፤ ውሃ ይቋጠርበታል። ቁልቁል ይሂድ። ያችን ትንሽ ማንሻዋን ደግሞ በወር አንዴ አንስተሽ ውሃ አስተፊያት፣ እንዳትጣበቅ።

የኩታበር ገበሬ (ኩታበር)

እኔ ደግሞ ቤቴ የጭቃ ነው፣ ውሃውም በጄሪካን ነው የሚሞላው። ይሄ ነገር ለእኔ ይሆናል?

አሮጌ ቧንቧ (ደሴ)

የጭቃ ግድግዳው አያስቸግርም፣ ማቆሚያው ወለል ላይ ነው። ሮቶ ከሌለ ግን ቦይለሩን ማን ይገፋዋል? 200 ሊትር በርሜል ከፍ አድርገህ ማቆም ትችላለህ? ከቻልክ የመታጠቢያህን ስፋት ላክልኝ፣ ለአንተ 30 ሊትር ይበቃል።